ሽቦ ያልተጠቀለለበት እንጨት

ሐዋሳ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰፈሩ በሙሉ «ኤጭ!» ሲል፣ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ሲያስቀምጠው፣ ጄኔሬተር ያለው ሰው ጄኔሬተሩን ሳያስነሳ እኔ ሄድፎኔን ይዤ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅብኝ ነበር። በኋላ ለምዳው «ሂድ፣ ሂድ፣ ሠርግህ መጣልህ» ትለኝ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፈንና ዜና ከሚተላለፍበት ሞገድ እጅግ በታች፣ በጣም ዝቅተኛ የሆነ የሬዲዮ ሞገድ አለ። እዚያ የሚሰማው በአብዛኛው መብረቅ ነው። እኛ ሰፈር የሚወርደውን ማለቴ አይደለም፤ ለእሱ ሬዲዮ አያስፈልግም። ኮንጎ ጫካ ላይ ወይም ከዚያም አልፎ የወረደ መብረቅ የሚለቀው ሞገድ በምድርና በሰማይ መካከል ተጉዞ እኛ ጓሮ ድረስ ይመጣል። ለመስማት የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። በእንጨት ፍሬም ላይ ደጋግሞ የተጠቀለለ ሽቦ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል አምፕሊፋየርና ሄድፎን ካለ ይበቃል። ጠላቱ መብራት ነው። የከተማው የኤሌክትሪክ መስመር እዚያው ሞገድ ላይ «እምምም» እያለ ያጓራል። ፍሪጁ ያጓራል፣ የስልክ ቻርጀሩ ይጮሃል፣ መንታ መንገዱ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ ሁሉንም ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ ይሄ ሁሉ ባንዴ ጸጥ ይላል፤ የቀረው መብረቅ ብቻ ይሆናል።

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ማስተማር ነው፣ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ። ቀን ስለ መብራት አስተምሬ ስመለስ መብራት ይጥፋልኝ ብዬ የምመኝ ሰው መሆኔን ተማሪዎቼ ቢያውቁ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

የመጀመሪያውን አንቴና የሠራሁት በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ዙሪያ ነው። ሽቦውን ጠቅልዬ ሳሎን አስቀመጥኩትና የራሳችንን ፍሪጅ ስሰማ ዋልኩ። ባለቤቴም ሳፋዋን አስመለሰች። ስለዚህ ትልቅ፣ ከቤቱ የራቀ፣ እንደ ልብ የሚዞር አንቴና ለመሥራት ወሰንኩ። መዞሩ ቁም ነገር አለው። ሽቦው አንዱን አቅጣጫ አጥርቶ ሲሰማ ጎኑ ያለውን አይሰማም፤ ስለዚህ ጎኑን ወደ ትራንስፎርመሩ ካዞሩት ማጓራቱ ይቀንሳል። አንድ ረጅም አጣና ገዛሁ፤ እንዲዞርልኝም እግሩን መሬት ውስጥ በቀበርኩት የውሃ ቱቦ ላይ ሰካሁት። ከዚያ እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች መሃል ለመሃል አቋርጬ ከአጣናው ጫፍ ጋር በአንድ ትልቅ ብሎን አሰርኳቸው፤ አንዱ ወደ ላይ ቆሞ፣ አንዱ ወደ ጎን ተጋድሞ። ሽቦው በአራቱ ጫፎች ላይ ይዞራል።

ሽቦው ግን አልነበረም። መናኸሪያ አካባቢ የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልል ሰው ከአሮጌ ትልቅ ሞተር ፈትቶ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ስሄድ «ነገ» ይለኛል። በነጋታው ስሄድ «ነገ ብዬህ የለ?» ይለኛል። እንዲህ እያለ ሳምንቱ ሲጋመስ እንጨቱ ባዶውን ጓሯችን ውስጥ ቆሞ ሰነበተ።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ባለቤቴ ከሐዋሳ አጠገብ ያለችው የቱላ ልጅ ናት፣ ሲዳማ፣ ከነቤተሰቧ ፕሮቴስታንት። ስንጋባ በሁለቱም ወገን ያሉ ሽማግሌዎች ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ እሷም ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ትሂድ፣ እሱም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሂድ፣ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ግን ማንም ምንም እንዳይሰቅል። እኛም ቃላችንን ጠበቅን። ሥዕል የለም፣ ጥቅስ የተጻፈበት የቀን መቁጠሪያ የለም። ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም አይሠራም።

በዚያ ሳምንት ደግሞ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ እኛ ቤት ነበሩ። የመጡት ለዓይናቸው ነው። አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው ላይ ሞራ ወጥቶበት ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆኗል። የኦፕሬሽን ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። ያንን ቀጠሮ ለማግኘት ባለቤቴ ስንት ደጅ እንደጠናች እኔ ነኝ የማውቀው። ይበልጥ የሚያስፈራን ግን የራሳቸው የአማቴ ጠባይ ነው። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ደርሰው «ልቤ አልፈቀደም» ብለው ወደ ቱላ ተመልሰዋል። አሁን ከተመለሱ ዳግመኛ እንደማይመጡ፣ ያም ማለት ጨርሶ እንደማያዩ፣ ሁላችንም እናውቃለን።

ጠዋት ጠዋት ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ወንበር ይወጣላቸዋል። ቅዳሜ ዕለት እኔ እንጨቱ ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ እያየሁ ነበር። አጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን፣ ጠንካራ ኦርቶዶክስ የሆኑ አሮጊት፣ ከኪዳን ሲመለሱ በበራችን በኩል አዩት። ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡና ጎንበስ አሉ።

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉኝ ጮክ ብለው። «አሁን ገና ቤቱ ባለቤት እንዳለው ታወቀ!»

እኔ የውሃ ልኳ አረፋ መሃል ላይ አልቆም ብላኝ ነበር። ሴትዮዋ ምን እንዳሉኝ እንኳ በቅጡ ሳልሰማ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተለወጠ። አማቴ ራት ላይ «ጠግቤያለሁ» ማለት ጀመሩ። እኔ ስገባ ወደ መኝታ ክፍላቸው ይገባሉ። በባለቤቴ ቤተሰብ አማትና አማች ከበድ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ነገር ሁሉ በልጅቷ በኩል ነው የሚሄደው፤ እሷም እያለዘበች ነው የምታደርሰው። ስለዚህ እኔ ምንም ሳይደርሰኝ ሁለት ቀን አለፈ። ሰኞ ማታ ግን እናትና ልጅ በሲዳምኛ ሲነጋገሩ «ቱላ» እና «ረቡዕ» የሚሉትን ሰማሁ። ሲዳምኛ እነሱ ከሚያስቡት በላይ እሰማለሁ። በማግስቱ ጠዋት የአማቴ ጓዝ ታስሮ በር ሥር ተቀምጦ አየሁት።

ባለቤቴን ወጥ ቤት አገኘኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ታለቅሳለች፤ ለቅሶው ግን የሽንኩርት አልነበረም።

«ነገ ጠዋት ወንድሜ በባጃጅ መጥቶ ይወስዳታል» አለችኝ።

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስማ ቀረ። አንተ መስቀልህን ተከልክ፣ እሷ ሄደች።»

ደሜ ፈላ። «የምን መስቀል? አንቴና ነው እኮ! ሽቦ ይጠቀለልበታል! ሳፋሽን የወሰድኩበት፣ እሱ ራሱ ነው!»

«እኔ መቼ ጠፋኝ?»

«ታዲያ ንገሪያታ!»

«ነግሬያታለሁ። 'ባልሽን አትሸፍኚ' አለችኝ። ሽቦ አለ ስላት 'የታለ ሽቦው?' አለች። የታለ?»

ሽቦው መናኸሪያ ነበር። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ፤ ስለተናደድኩም ጮህኩ። እንጨት እንደሆነ፣ የገዛ ጓሮዬ እንደሆነ፣ ዓይን ከአንቴና እንደሚበልጥ ማንም ሰው ሊያውቅ እንደሚገባ ተናገርኩ። የመጨረሻው በራሴ ላይ የሚፈርድ መሆኑ የገባኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው። ባለቤቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔ ላይ አትጩህ። ለእሷ ንገራት» አለች።

«እኔ? ራሴ?»

«አዎ፣ አንተ። አፍ የለህም?»

አልነገርኳቸውም። አማቴ ፊት ቆሜ ስለ እምነት ወይም ስለ መሄድ አንስቼ አላውቅም፤ ከየት እንደሚጀመርም አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን ሠራሁ። መጀመሪያ መናኸሪያ ሄጄ ሰውየው ላይ ጮህኩና ሽቦዬን ተቀበልኩ። ስመለስ ብሎኑን አላልቼ ሁለቱን ጣውላዎች በአርባ አምስት ዲግሪ አዞርኳቸውና መልሼ አጠበቅሁ። አሁን መስቀል መሆኑ ቀረ፤ ኤክስ ሆነ። ለሽቦው ለውጥ የለውም። ሽቦው መዞሩን እንጂ ጫፎቹ ወዴት እንዳዩ አይጠይቅም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስጠቀልል ዋልኩ። አማቴ አቮካዶው ሥር ተቀምጠው ብሎን ሲላላና ሲጠብቅ ይሰሙ ነበር። በእሳቸው ዓይን መስቀሉ ኤክስ መሆኑ ይታይ አይታይ እንጃ። ጓዙ ግን ከበሩ ሥር አልተነሳም።

ጠቅልዬ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ነጠላቸው ተዝረክርኮ፣ ፊታቸው ገርጥቶ።

«ልጄ፣ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ምኑ እማማ?»

«የሚያፈርሱት! ኤክስ አድርገውባችሁ የለ? መንገዱ በእኔም በኩል ያልፋል?»

በእኛ አገር ቤት ላይ ኤክስ ከተደረገ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ይፈርሳል። ግንብ ላይ በቀይ ቀለም ሲጻፍ እንጂ በጣውላ ተሠርቶ አየር ላይ ሲቆም አይተው እንደማያውቁ ብነግራቸውም ቶሎ አላመኑኝም። ምናልባት ለጓሮው የተለየ አሠራር መጥቶ ይሆናል አሉ። አረጋግቼ ሸኘኋቸው። ባለቤቴ መስኮት ላይ ሆና አፏን በሻርፗ ይዛ ስትስቅ አየኋት። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያኔ ብቻ ነበር፤ ሳቋም በሩ ሥር ያለውን ጓዝ እስክታይ ነው የቆየው።

ፀሐይ ስትጠልቅ መብራት ጠፋ።

ባለቤቴ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ነበር። እኔ ከልማዴ ሄድፎኑን ይዤ ሮጥኩ፤ አምፕሊፋየሩን ከአዲሱ ሽቦ ጋር አገናኝቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ከሳፋው ጋር ምንም አይገናኝም። መብረቁ በየአቅጣጫው ይንጣጣል። እየመሸ ሲሄድ ደግሞ አንዳንዱ መብረቅ ድምፁ ተለውጦ ጭው፣ ጭው ይል ጀመር። ይህ ሲመሽ ብቻ የሚሰማ ነው፤ በመጽሐፍ አንብቤ በጆሮዬ ሰምቼው የማላውቀው። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር ስል አማቴ ብቻ ነበሩ፣ ወንበራቸው ላይ፣ ጨለማው ውስጥ።

ብዙ ብጠብቅ አልናገርም ነበር። ስለዚህ ሳላስብ ቀረብኩ።

«እማማ፣ ይህን ጆሮዎ ላይ ላድርግልዎ?»

«ጸሎት ነው?» አሉኝ፤ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

«አይደለም። መብረቅ ነው።»

ሻርፓቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። አደረግኩላቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። እጃቸው የገበሬ እጅ ነው፣ ሰፊ፤ ሄድፎኑን ዋጠው። አዳመጡ። እሳቸው ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ አንድን ነገር እንዲህ ሲያዳምጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንገታቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል።

«በቆሎ ነው» አሉ። «በቆሎ ድስት ውስጥ ሲፈነዳ።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«አሁን ደግሞ ወፍ።» ፈገግ አሉ። «ወፉም መብረቅ ነው?»

«እሱም መብረቅ ነው።»

«የት ነው የሚዘንበው? ቱላ?»

«ኧረ ሩቅ ነው እማማ። ብዙ አገር አልፎ።»

«እንግዲያ ለእኛ አይዘንብም።»

«ለእኛ አይዘንብም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

አሰብኩ። «ምንም» አልኳቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። «ለምንም ነው እንጨት ያቆምከው?»

«ለምንም ነው።»

በዚህ ሳቁ። አማቴ ከእኔ ጋር ብቻቸውን ሆነው ሲስቁ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ሄድፎኑን ወደ አንገታቸው ዝቅ አደረጉት።

«እኔ ለእኔ መስሎኝ» አሉ።

«ለእርስዎ?»

«ውጪልኝ ያልከኝ መስሎኝ። አማች አማቱን በአፉ ውጪ አይልም፤ ነውር ነው። ምልክት ያደርጋል። ይኸው ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ፣ ሰለቸኋቸው አልኩ። መስቀል አልፈራሁም። መስቀል የእኔም ነው። ያቺ ሴትዮ ግን 'ቤቱ ባለቤት እንዳለው ታወቀ' አለች። አንተ አመሰገንካት። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ስለ ውሃ ልኳና ስለ አረፋዋ ማስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። እኔና ባለቤቴ አማቴ ተቆጥተዋል ስንል ነበር። አልተቆጡም። ከልጃቸው ቤት እንደተባረሩ አምነው፣ ዓይናቸውን ትተው፣ እኛን ላለማስቸገር ሊሄዱልን ነበር።

«እማማ፣ አይሂዱብኝ» አልኩ። ድምፄ እንደፈለግኩት አልወጣም። «ቤቱ የእርስዎ ነው። ሐሙስ እኔ ራሴ ነኝ የምወስድዎት። እባክዎ ይቆዩልኝ።»

የሄድፎኑን ገመድ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«ይህን ለማለት» አሉ፣ «መብራት መጥፋት አለበት?»

ልክ በዚያን ጊዜ መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮሁ። አማቴ አንገታቸው ላይ ያለው ሄድፎን ባንዴ ሲያጓራ ደንግጠው አወለቁት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«መብራት ነው እማማ።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ይጮሃል?»

«ሁልጊዜ።»

«አይ፣ እንኳን ጠፋልህ» አሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት የባለቤቴ ወንድም በባጃጅ መጣ። እናቱ ጓዛቸውን ራሳቸው ፈትተው አገኛቸው። ሥራ ፈትቶ በመምጣቱ ትንሽ አጉረመረመ፤ አቮካዶ በከረጢት ሞልተንለት ሸኘነው። ሐሙስ እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆም ሲሉ የእኔም ልብ ቆመ። «ይሄም ያጓራል?» ብለው ጠየቁኝ። በሩ አጠገብ ትልቅ ጄኔሬተር ነበር፤ «ይሄማ ከሁሉ ይብሳል» አልኳቸው። ገቡ።

በማግስቱ ፋሻው ተፈትቶ መለስናቸው። ከባጃጁ ሲወርዱ ባለቤቴ ወደ ቤት ልታስገባቸው ክንዳቸውን ያዘች፤ እሳቸው ግን ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱ። ያደረጉላቸውን ጥቁር መነጽር ከፍ አድርገው፣ ፀሐዩን በእጃቸው ከልለው፣ አንቴናውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ሽቦው አዲስ ስለሆነ ያብለጨልጫል።

«ይቺ ናት?» አሉ።

«ይቺ ናት እማማ።»

«ትንሽ ናት። እኔ ያየሁት እስከ ሰማይ ነበር።» ቀረብ ብለው ሽቦውን በጣታቸው ነኩት። «እንደ ድሮው አድርጋት።»

«እንዴት እንደ ድሮው?»

«እንደ መስቀል። ያቺ ሴትዮ ይፈርሳል እያለች ሰፈሩን ሁሉ አስለቀሰች አሉ። ከማፍረስ መስቀል ይሻላል።»

መፍቻ አመጣሁ። ብሎኑን አላልቼ ከነሽቦው አዞርኩት፣ አጠበቅሁት። ቀጥ ማለቱን ለማየት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስመለስ አማቴ አንቴናውን ትተው እኔን እያዩ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀዋል፤ ሐኪሙ አያውልቁ ብሏቸዋል። ባለቤቴ «እማዬ!» አለች፤ አልሰሟትም። ቀርበው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን አንስተው ጆሮዬ አጠገብ ፀጉሬን ነካ አደረጉት።

«ሸብተሃል» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ። ከሸበትኩ ቆየሁ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሸብቷል እኮ! በዚህ ቤት ለእኔ ምንም አይነገረኝም?»